አባትሽን የመራቸው ስክሪኑ ነው

ጥያቄው፦ «አባቴ ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ከሦስት ወር በፊት አይፎናቸው ላይ የድሮ ፎቶ የሚያድስ አፕ አወረዱ። የእናቴን የወጣትነት ፎቶ ለማሳመር ብለው ነው። ነፃ ነው ይላል። በቀደም የካርዴን ሂሳብ ሳይ ግን በየሳምንቱ 7 ዶላር ከ99 ሳንቲም እየተቆረጠ ኖሯል። አፑን ወዲያው ከስልካቸው አጠፋሁት። በሚቀጥለው ሳምንትም ቆረጠ። አባቴ ‹እኔ በምንም አልተስማማሁም› ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ ‹ሳያነቡ ነክተው ነው፣ ጥፋቱ የራሳቸው ነው› ይላል። ማን ነው ልክ? እንዲህ ዓይነት ነገር ሆን ተብሎ ነው የሚሠራው? ገንዘቡስ ይመለሳል?»

እህቴ፣ ማን ልክ እንደሆነ ከመነጋገራችን በፊት ቆረጣውን እናስቁም። አፑን ከስልክ ማጥፋትና ሰብስክሪፕሽኑን፣ ማለትም በየጊዜው የሚያስከፍለውን ውል፣ ማቋረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውሉ የተያዘው አፑ ውስጥ አይደለም፤ የአፕል አካውንታቸው ላይ ነው። ስልካቸውን ያዢና ሴቲንግ ክፈቺ። ከላይ ስማቸው የተጻፈበትን ንኪ። ቀጥሎ «ሰብስክሪፕሽንስ» የሚለውን። የአፑ ስም እዚያ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ግቢበትና ከታች ያለውን የማቋረጫ መስመር ንኪ። አንድሮይድ የያዛችሁ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ውስጥ የፕሮፋይል ፎቷችሁን ነክታችሁ ክፍያና ሰብስክሪፕሽን የሚለው ውስጥ ነው የምታገኙት። ይህን ጨርሰሽ ተመለሽ፤ ሌላው ይደርሳል።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። እኔ እንዲህ ዓይነት ስክሪን የሚሠራበት ሙያ ውስጥ ነው ያለሁት፣ የአፕና የድረ ገጽ ዲዛይነር ነኝ። በእኔ ፍርድ አባትሽ ያመዝናሉ። ወንድምሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ እሱ ጋ እመለሳለሁ።

የአፑን ስም አልነገርሽኝም፣ አያስፈልግምም። የፎቶ ማሳመሪያው፣ የኮከብ ቆጠራው፣ የኪውአር ኮድ ማንበቢያው፣ የፒዲኤፍ መቀየሪያው፣ የብዙዎቹ የክፍያ ገጽ መንትያ ነው። እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። አፑ ሲከፈት ሦስት አራት የሚያምሩ ገጾች ይመጣሉ። የደበዘዘች ፎቶ ጥርት ስትል ያሳያሉ። ከታች አንድ ትልቅ ሰማያዊ በተን አለ፤ «ቀጥል» ይላል። ይነኩታል። ሌላ ገጽ ይመጣል፣ ያው «ቀጥል»። ይነኩታል። ሦስተኛው ላይም እንደዚያው። አውራ ጣት ቦታውን ለመደ ማለት ነው። አራተኛው ገጽ ላይ በተኑ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ቃል ተቀምጧል። ልዩነቱ ይኼኛው የክፍያ ገጽ መሆኑ ነው።

ዋጋው አልተጻፈም? ተጽፏል። በነጭ ላይ ፈዘዝ ባለ ግራጫ፣ ገጹ ላይ ካሉት ሁሉ ባነሰ ፊደል፦ «3 ቀን ነፃ፣ ከዚያ በሳምንት 7.99»። «ነፃ» የምትለዋ ቃል ግን ለብቻዋ ከላይ በትልቁና በደማቁ ተጽፋለች። «በሳምንት» መባሉም ያለ ነገር አይደለም። 7.99 ሲሉሽ የአንድ ማኪያቶና የአንድ ኬክ ዋጋ ይመስልሻል። በ52 አባዢው፤ ከ415 ዶላር በላይ ነው። «በዓመት 415 ዶላር» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ አባትሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አንቺን በተጣሩ ነበር።

መውጫው ደግሞ ጥግ ላይ ያለች የኤክስ ምልክት ናት። ቀጭን ናት፤ ቀለሟም ከጀርባዋ ካለው ፎቶ ጋር ይመሳሰላል። አንዳንዱ አፕ ላይ ገጹ እንደተከፈተ እንኳ አትኖርም፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ነው ብቅ የምትለው። መነጽር ለሚያደርግ የ70 ዓመት ሰው ያቺ ኤክስ የለችም በዪው። እሳቸው የሚያዩት አንድ መንገድ ብቻ ነው። «ቀጥል» ተባሉ፣ ቀጠሉ።

ወንድምሽ ጥቂት ነጥብ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። በተኑ ከተነካ በኋላ የአፕል የራሱ የማረጋገጫ ሳጥን ከታች ይመጣል። ዋጋውን ይናገራል። ለማረጋገጥም ፊት ማሳየትና የጎኑን ቁልፍ ሁለቴ መጫን፣ ወይም በቆዩት ስልኮች ላይ የጣት አሻራ ይጠይቃል። ስለዚህ «በምንም አልተስማማሁም» የሚለው በሕግ ቋንቋ ላያስኬድ ይችላል። ግን አስቢው፤ አባትሽ በቀን ስንት ጊዜ ነው ፊታቸውን ለስልኩ የሚያሳዩት? ስልኩን ሲከፍቱ፣ ባንክ ሲያዩ፣ የይለፍ ቃል ሲሞላላቸው። ያ እንቅስቃሴ ለእሳቸው «እኔ ነኝ» ማለት ነው እንጂ «ክፈል» ማለት አይደለም። አፑን የሠራው ሰውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

እንግዲህ «ሆን ተብሎ ነው ወይ» ላልሽው። አዎ፣ ግን ምናልባት አንቺ በምታስቢው መንገድ አይደለም። ክፍል ዘግቶ «ሽማግሌዎችን እንዴት እናታልል» ብሎ የሚመክር ሰው አያስፈልግም። ኤቢ ቴስት የሚባል ነገር አለ። ከተጠቃሚው ግማሹ አንዱን ገጽ፣ ግማሹ ሌላውን እንዲያይ ይደረጋል። የትኛው ብዙ ገንዘብ አመጣ? እሱ ይቆያል። የዋጋው ጽሑፍ ደብዘዝ ሲል ሽያጩ ከፍ ካለ፣ ደብዘዝ ያለው ያሸንፋል። ኤክሷ ስትዘገይ ከፍ ካለ፣ መዘግየቷ ያሸንፋል። ለምን ከፍ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ሰው ወዶት ነው የከፈለው ወይስ ሳይገባው? ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው። ከብዙ ዙር በኋላ የሚተርፈው ገጽ አንድ ሰው በክፋት ቁጭ ብሎ ከሚነድፈው በላይ ክፉ ሊሆን ይችላል። ውጤቱን አይቶ «ይቀጥል» የሚል ኃላፊ ግን ምንጊዜም አለ። ሆን ተብሎ የምለው እሱን ነው።

የዚህ ሙያ ሰዎች ነገሩን «ዳርክ ፓተርን» ይሉታል። ስሙን በ2010 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ያወጣለት ሃሪ ብሪግነል የተባለ እንግሊዛዊ ዲዛይነር ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይነቱ ተቆጥሮ አያልቅም። ከሁሉም አስቂኙ የራያንኤር ነበር። አየር መንገዱ ትኬት ስትገዢ የጉዞ ኢንሹራንስ ያቀርብልሽና የምትኖሪበትን አገር ምረጪ ይላል። ኢንሹራንሱን አልፈልግም የምትይ ከሆነስ? «አልፈልግም» የሚለው ምርጫ እዚያው የአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ፣ በላትቪያና በሊትዌኒያ መካከል ተሸጉጦ ነበር። እንደ አንድ አገር! በአንጻሩ የሚያስቆጡም አሉ። በ2019 የፕሪንስተንና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11,000 ገደማ የመሸጫ ድረ ገጾችን በኮምፒውተር ፈተሹ። 1,818 እንዲህ ዓይነት ዘዴ አገኙ። «ቅናሹ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ቀረው» እያለ ወደ ኋላ ከሚቆጥረው ሰዓት ውስጥ፣ ጊዜው ካለቀ በኋላ ቅናሹ እንዳለ የሚቀጥል ነበረበት። «አሁን ይህን ያህል ሰው እያየው ነው» የሚለው ቁጥርም አንዳንዱ ጋ ኮዱ በዘፈቀደ የሚፈጥረው ነው። ማንም እያየው አልነበረም።

እነዚህ ውሸቶች ናቸው፤ ውሸት ደግሞ ቢያንስ ሲያዝ ይታወቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምንም ሳይዋሽ የሚመራሽ ዲዛይን ነው። የአባትሽ ስክሪን ላይ አንድም የሐሰት ቃል የለም ይሆናል።

ሳይዋሹ መምራት ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ከስልክ ወጣ እንበል። በ2003 ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች ከሞት በኋላ የአካል ክፍል ስለመለገስ በአውሮፓ አገሮች ያለውን ፈቃደኝነት አነጻጸሩ። ጀርመን ውስጥ ፈቃደኛ ተብሎ የተመዘገበው 12 በመቶ ነበር። ጎረቤቷ ኦስትሪያ፣ ያንኑ ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ፣ ከ99 በመቶ በላይ። ኦስትሪያውያን ከጀርመኖች ይልቅ ቸር ሆነው አይደለም። ጀርመን ውስጥ ለመለገስ የምትፈልጊ መመዝገብ አለብሽ፤ ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ የማትፈልጊ ነሽ የምትመዘገቢው። ሰው ካልተንቀሳቀሰ በስተቀር የሚጸናው ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው ይኼ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው አይንቀሳቀስም። ስንፍና አይደለም፤ የሰው አእምሮ እንደዚያ ነው። ይህ ለበጎ ሊውል ይችላል። የአባትሽ አፕ ላይ ግን ያልተንቀሳቀሰ ሰው በየሳምንቱ እንዲከፍል ነው የተደረገው።

መግባቱን አየን። መውጣቱን ደግሞ በሰነድ የተመዘገበ ጉዳይ ስላለ በእሱ ልንገርሽ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሰኔ 2023 አማዞንን ፕራይም በሚባለው ሰብስክሪፕሽን ምክንያት ከሰሰ። በክሱ መሠረት አባል መሆን አንድ ሁለት ክሊክ ይበቃዋል። ለመውጣት ግን አራት ገጽ፣ ስድስት ክሊክ፣ አሥራ አምስት ምርጫ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ የሚቀሩብሽን ጥቅሞች ይዘረዝርልሻል። ቀጣዩ የወሩን ተዪና የዓመቱን ያዢ፣ ቅናሽ እንስጥሽ ይላል። ሌላው ለጊዜው አቁሚው፣ ወይም ቆይተን እናስታውስሽ ይላል። በየገጹ ወደ ኋላ የሚመልሱ ብዙ በተኖች አሉ። ከእነዚያ አንዱን በስህተት ከነካሽ እንዳልጀመርሽው ቁጠሪው። ድርጅቱ ውስጥ ይህ ሂደት የነበረው ስም «ኢሊያድ» ነው። ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከው፣ በርዝመቱ የታወቀው የጥንት ግሪኮች ግጥም ስም። ይህን ስሰማ ብዙም አልገረመኝም። የቢሮ ቀልድ እውነቱን ይናገራል፤ ሂደቱ ረጅም እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ያንን ስም የሚያወጡት።

ጉዳዩ ሲያትል ፍርድ ቤት መሰማት በጀመረ በቀናት ውስጥ፣ በመስከረም 2025፣ በስምምነት አለቀ። አማዞን ጥፋቱን አላመነም፤ ግን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። 1 ቢሊዮኑ ቅጣት ነው፤ 1.5 ቢሊዮኑ 35 ሚሊዮን ለሚገመቱ ደንበኞች የሚመለስ፣ ለአንድ ሰው እስከ 51 ዶላር። ከገንዘቡ በላይ ልብ የምለው ሌላውን ግዴታ ነው። ከእንግዲህ ፕራይምን አልፈልግም የሚል ግልጽ በተን መኖር አለበት። «አይ፣ ነፃ ማድረሻ አልፈልግም» የሚል ዓይነት፣ እምቢ ያለውን ሰው ሞኝ የሚያስመስል በተን አይቻልም። የአንድ በተን ጽሑፍ የቢሊዮን ዶላር ስምምነት ውስጥ ሲገባ፣ በተን ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለወንድምሽ ንገሪው።

እሱ መቼም «ይኼ እኮ ንግድ ነው፣ ነጋዴ መቼ ነው የማያባብል» ይልሻል። እውነቱን ነው፤ መርካቶም ዋጋ ይሰቀላል። ግን መርካቶ ነጋዴው ፊት ለፊትሽ ነው። «ውድ ነው» ብለሽ ጀርባሽን ስትሰጪ ይጠራሻል፤ ሳትገዢ ብትሄጂም በየሳምንቱ ቤትሽ መጥቶ አይቆርጥብሽም። እኔ ማባበልን ከማታለል የምለይበት ጥያቄ አንድ ነው። ገዢው ገጹን በደንብ ቢረዳው ሽያጩ ይቀንሳል? ካልቀነሰ ማባበል ነው፤ ቆንጆ ፎቶና ትልቅ በተን ይሁንለት። ከቀነሰ ግን ገንዘቡ የሚመጣው ሰው ካለመረዳቱ ነው። በሳምንት 7.99 የሚያስከፍለው ፎቶ አፕ ዋጋውን በትልቁ ቢጽፍ ስንት ሰው ይቀርለታል? እኔ መልሱን እገምታለሁ፤ አንቺም ትገምቻለሽ።

«ጥፋቱ የራሳቸው ነው» የሚለው ነገር ሌላም ችግር አለበት። ጄሚ ሉጉሪና ሊዮር ስትራሂሌቪትዝ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ለአሜሪካውያን ከማንነት ስርቆት የሚጠብቅ አገልግሎት አቀረቡ። ገጹ ቀጥተኛ ሲሆን የተቀበለው 11.3 በመቶ ነበር። መለስተኛ ዘዴ ሲጨመርበት 25.8 ሆነ። ዘዴው ሲጠነክር 41.9። የሚገርመው ግን ቁጣው ነው። ጠንካራው ዘዴ ሰዎችን አናደዳቸው። መለስተኛው ግን እጥፍ ሽያጭ እያመጣ ያን ያህል ቁጣ አላስነሳም። ለዚህ ነው ጎበዝ አጭበርባሪ ለስለስ ያለውን የሚመርጠው። በመለስተኛው ይበልጥ የተያዙት ደግሞ ትምህርታቸው አነስ ያለ ሰዎች ነበሩ።

ሙከራው ስለ ቋንቋ አልጠየቀም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። አባትሽ እንግሊዝኛ ያነባሉ እንበል። ግን እንደ አማርኛው በጨረፍታ አይደለም፤ ቁጭ ብለው ነው። ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ትልልቁን አንብቦ ትንንሹን ይዘላል፣ ይደክማላ። «ከዚህ በታች ያለውን ምልክት ካላነሱ በስተቀር መልእክት እንዳይደርስዎ እንዳልመረጡ ይቆጠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስታነቢው እንኳ ሁለቴ ያስኬድሻል። ቴል አቪቭ በዕብራይስጥ፣ ሪያድ በዐረብኛ፣ ፍራንክፈርት በጀርመንኛ የሚጋፈጡትን ወገኖች አስቢ። «ለምን አላነበብክም» የሚለው ወቀሳ እነሱ ላይ እጥፍ ይከብዳል። ያፍራሉ። ያፈረ ሰው አይናገርም፤ ካልተናገረ ገንዘቡን የሚጠይቅ የለም። አባትሽ ሦስት ወር ሙሉ ምንም ያላሉት ሳያውቁ ሊሆን ይችላል። አውቀው አፍረውም ሊሆን ይችላል። እስቲ ወንድምሽ ይህን አስቦ ይናገር።

ሕጉ ምን ይላል? እንደምትኖሩበት ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ። ሻጩ የካርድ ቁጥር ከመቀበሉ በፊት ውሉን በግልጽ እንዲናገር፣ ግልጽ ፈቃድ እንዲቀበል፣ ማቋረጫውም ቀላል እንዲሆን ያዛል። ኮሚሽኑ «መግባት የቀለለውን ያህል መውጣትም ይቅለል» የሚል ጠንከር ያለ ደንብ በ2024 አውጥቶ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2025 በአወጣጡ ሥርዓት ጉድለት ሻረው። የ2010ሩ ግን እንዳለ ነው፤ አማዞንም የተከሰሰው በእሱ ነው። አውሮፓ ጠበቅ ያለ ነው። የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በጥር 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጽ ጎብኚውን የሚከታተልበትን ትንሽ ፋይል፣ ለመቀበል አንድ ክሊክ፣ እምቢ ለማለት ብዙ ክሊክ መሆኑ። በቃ፣ ይኼ ብቻ። ጀርመን ውስጥ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በድረ ገጽ የሰብስክሪፕሽን ውል የሚያስገባ ሁሉ ማቋረጫ በተን ማስቀመጥ ግዴታው ነው። እዚያ ያላችሁ ካላገኛችሁት ችግሩ ከእናንተ አይደለም።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃት አንድ ነገር አለች። የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ ከሩቅ፣ ማለትም በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገን ግዢ ለመሰረዝ ለማንኛውም ሰው የሚሰጠው 14 ቀን ነው። ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና አገሩ አዲስ ለገቡ ስደተኞች ግን አራት ወር ይሰጣል። ከሻጩ ጋር ንግግር፣ በቻትም ቢሆን፣ ተደርጎ የተገባ ውል መሆን አለበት። ስልክ ተደውሎላቸው «እሺ» ላሉ እናትና አባቶች የተጻፈች አንቀጽ ነች ማለት ይቻላል።

አገር ቤትስ? የእኛው ሰው ከአፕ በፊት በአጭር ቁጥር መልእክት ነው የተዋወቀው። ያልጠየቅሽው የጤና ምክር ወይም የጥያቄና መልስ ውድድር ይመጣል፤ በቀን ጥቂት ብር ይቆርጣል፤ ካርድ ሞልተሽ ገና ሳትደውይ ሂሳቡ ጎደለ። ለመውጣት «ስቶፕ» ብሎ መላክ እንደሚበቃ ብዙ ሰው አያውቅም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁም፣ ቁጥር 1321/2016 (ይኼም በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ መረጃሽ ያለ ሕጋዊ መሠረት እንዳይነካ ይላል። እነዚህን በተንና ስክሪን ላይ አውርዶ የሚሞግት ሰው ግን ገና ብዙ አይታይም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። አፕል ገንዘብ መመለሻ የሚጠየቅበት ለብቻው የተዘጋጀ የችግር ማሳወቂያ ገጽ አለው። በአባትሽ አካውንት ግቢ፤ የተቆረጠው እያንዳንዱ ክፍያ ተዘርዝሮ ይመጣልሻል። እንዲመለስ የምትፈልጊውን ከዚያ ትመርጫለሽ። ምክንያት ሲጠይቅሽ ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። «ሰብስክሪፕሽን መሆኑን ሳያውቁ ነው የገቡት፣ አፑንም አልተጠቀሙበትም» በቂ ነው። ሁሉንም ይመልሳሉ ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ የቅርቡን ክፍያ የማግኘት ዕድልሽ ግን ከሩቁ ይሻላል። ስለዚህ ነገ አትበይ። አንድሮይድ ቢሆን ኖሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ለጉግል፣ ካለፈ ለአፑ ባለቤት ነበር የምትጽፊው።

እምቢ ካሉሽ ባንክሽ ጋ ደውለሽ ክፍያውን መቃወም ትችያለሽ። ይህን ግን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ፎርትናይት የተባለውን ጌም የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ በታኅሣሥ 2022 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ሲስማማ፣ 245 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመለስ ተወስኖበታል። ኮሚሽኑ ካቀረበበት ክስ አንዱ በባንክ በኩል ክፍያ የተቃወሙ ሰዎችን አካውንት መዝጋቱ ነበር። በባንክ ስትሄጂ እንዲህ ዓይነት ነገር ሊገጥምሽ ይችላል። የአባትሽ የአፕል አካውንት ውስጥ ደግሞ የእናትሽ ፎቶዎች አሉበት። ምትኬ ሳትይዢ አትጀምሪው።

ከዚያ ካርድሽን ከስልካቸው አውጪው። ቤተሰብ በሚለው አሠራር ከተያያዛችሁ ግዢያቸው በካርድሽ ሊያልፍ ስለሚችል እሱንም እዪው። አባትሽ አፕ መግዛት ሲፈልጉ የ10 ወይም የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ ይሙሉ፤ ሂሳቡ ሲያልቅ ቆራጭም አይኖርም። ሌላ አፕ ነፃ ሙከራ ብለው ከጀመሩ እዚያው፣ በዚያው ሰዓት ያቋርጡት። አብዛኛውን ጊዜ የሙከራው ቀን እስኪያልቅ ይሠራላቸዋል። አፕል ራሱ ሙከራው ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው አቋርጡ ስለሚል፣ በመጨረሻው ቀን አስታውሳለሁ ማለት አያዋጣም።

ክፍያው ሲጀመር አፕል ወደ ኢሜይላቸው የላከው ደረሰኝ አለ። ምናልባት ሳይከፈት ከማስታወቂያዎች ጋር ተቀብሮ ይሆናል። የትእዛዝ ቁጥሩና የመጀመሪያው ቀን ያለው እሱ ላይ ስለሆነ፣ ጥያቄውን ከማስገባትሽ በፊት ፈልጊና አውጪው።